ባሕር ስንት ይተናል? ስለ ሳተላይት ልኬት ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው ዕትም በውቅያኖስና በከባቢ አየር መካከል ስለሚደረገው የሙቀትና የእርጥበት ልውውጥ አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። በዚያ ጽሑፍ ሳተላይቶች ይህን ልውውጥ የሚለኩበት መንገድ ገና ብዙ መሻሻል እንደሚያስፈልገው ገልጸናል። ጽሑፉን ተከትሎ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱን መርጠን ከዚህ በታች መልስ ሰጥተናል። በዚህ ዓምድ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በጅዳ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። በነሐሴ ወር ከቀዘቀዘ ክፍል ወደ ውጭ በወጣሁ ቁጥር መነጽሬ ወዲያውኑ ያልበዋል፤ ባሕሩም ከቤቴ ሁለት ኪሎ ሜትር አይርቅም። ሳተላይቶች የባሕርን ትነት ይለካሉ ሲባል እሰማለሁ። በእርግጥ ይለካሉን? የቀይ ባሕር ትነትስ ምን ያህል ነው?

መልስ፦ ቁርጡን ለመናገር፣ ትነትን በቀጥታ የሚለካ ሳተላይት የለም። ሳተላይቶች የሚያዩት ትነቱን የሚወስኑትን ነገሮች ሲሆን፣ ትነቱ ራሱ ከእነዚያ በስሌት ይገኛል። ይህ የቃላት ልዩነት ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ባለፈው ጽሑፍ ያነሣነው ችግር ሥሩ እዚሁ ላይ ነው።

ነገሩን ከቤት እንጀምረው። በሸክላ እንስራ የተቀመጠ ውኃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየዘለቀ ወደ ውጭ ስለሚተንና ሲተንም ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ለመትነን ወደ 2.5 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ሙቀት ይወስዳል። ይህ ሙቀት በእንፋሎቱ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚጓዝ ድብቅ ሙቀት ይባላል፤ የሚለቀቀውም እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ሲሆን፣ ወይም እንደ እርስዎ መነጽር ካለ ቀዝቃዛ ነገር ላይ አርፎ ተመልሶ ውኃ ሲሆን ነው። በመነጽርዎ ላይ የሚያዩት የዚሁ ልውውጥ የተገላቢጦሽ ጉዞ ነው ማለት ነው። እንስራው ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሲቀመጥ ውኃው ይበልጥ እንደሚቀዘቅዝ፣ አየሩ እርጥብ በሆነበት የክረምት ቀን ግን ያን ያህል እንደማይቀዘቅዝ እናቶቻችን ያውቁታል። ባሕርም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው።

የባለሙያዎቹ ቀመር ይህንኑ በቁጥር ያስቀምጠዋል። የትነቱ መጠን የሚገኘው የነፋሱን ፍጥነት፣ በውኃው ገጽና ከገጹ ጥቂት ሜትሮች ከፍ ብሎ ባለው አየር መካከል ያለውን የእርጥበት ልዩነት፣ እንዲሁም በመስክ ልኬት የተገኘ አንድ የማስተላለፊያ ቁጥር እርስ በርስ በማባዛት ነው። ለምሳሌ ነፋሱ በሰከንድ 7 ሜትር ቢነፍስና የእርጥበቱ ልዩነት በአንድ ኪሎ ግራም አየር 5 ግራም ቢሆን፣ ባሕሩ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 125 ዋት ያህል ሙቀት በትነት ብቻ ያጣል። 100 ዋት ማለት በቀን 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ መትነን መሆኑን ካሰቡ፣ ቁጥሩ ከወረቀት ወርዶ በዓይን የሚታይ ይሆናል።

ወደ ቀይ ባሕር ስንመለስ፣ ይህ ባሕር ስሌትን ለመፈተን እጅግ የተመቸ ቦታ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም፤ ዝናቡም ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ በስዊዝ ቦይ በኩል የሚያልፈውም ውኃ ጥቂት ነው። ዋናው በሩ በደቡብ ያለው ባብ ኤል መንደብ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ በር የሚገባውንና የሚወጣውን ውኃ በትክክል የቆጠረ ሰው ከባሕሩ ገጽ ምን ያህል እንደተነነ ማወቅ ይችላል። በ1995 እና በ1996 ተመራማሪዎች ይህንኑ አደረጉ። በመተላለፊያው ውስጥ መሣሪያዎቻቸውን ተክለው የውኃውን ፍጥነት፣ ሙቀትና ጨዋማነት ከአንድ ዓመት በላይ ለኩ። ከላይ የሚገባው የኤደን ባሕረ ሰላጤ ውኃ በአብዛኛው ሞቅ ያለና ጨዋማነቱ ያነሰ ነው፤ ከሥር፣ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ 137 ሜትር ጥልቀት ያለውን ደፍ ተሻግሮ የሚወጣው ደግሞ ቀዝቀዝ ያለና በጣም ጨዋማ ነው። የሒሳቡ ውጤት ቀይ ባሕር በዓመት 2.06 ሜትር ያህል ውኃ በትነት እንደሚያጣ አሳየ፤ የስህተቱ ወሰንም 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ቆሞ ከሚደርስበት የሚበልጥ የውኃ ግድግዳ በየዓመቱ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ባሕሩ በየዓመቱ ያን ያህል ዝቅ ይል ነበር።

ከዚህ ጋር የተገኘው ሁለተኛው ውጤት ለእኔ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጥ ነው። የገባውና የወጣው ሙቀት ሁሉ ተደምሮና ተቀንሶ፣ ባሕሩ በአማካይ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 11 ዋት ያህል ለአየሩ እንደሚሰጥ ታወቀ። ከዚያ በፊት ግን ከመርከቦች ዘገባ በቀመር የተሠሩ ግምቶች ባሕሩን ሙቀት የሚያተርፍ አስመስለውት ነበር። ከፀሐይ የሚገባው ሙቀት ወደ 200 ዋት የሚጠጋ፣ በትነት ብቻ የሚወጣውም 160 ዋት ያህል በሆነበት ሒሳብ ውስጥ፣ በአንዱ ላይ የተፈጸመች የአሥር በመቶ ስህተት የመጨረሻውን መልስ ከኪሳራ ወደ ትርፍ ትገለብጠዋለች። ከስህተቱ ምንጮች አንዱ የአካባቢው አቧራ ነበር፤ የፀሐዩን ብርሃን ምን ያህል እንደሚጋርድ በስሌቱ በቂ ቦታ አልተሰጠውም ነበርና። በሐምሌና በነሐሴ ከሱዳን በኩል በቶካር ሸለቆ ሾልኮ ወደ ባሕሩ የሚወጣውን የአቧራ ማዕበል በሳተላይት ፎቶግራፍ ያየ ሰው ይህ ለምን እንደሆነ ወዲያውኑ ይገባዋል።

ስለ መነጽርዎ አንድ ነገር ልጨምር። የነሐሴው ላብ የሚነግረን አየሩ በእንፋሎት የተሞላ መሆኑን ነው። አየሩ ከጠገበ ደግሞ በእርሱና በባሕሩ መካከል ያለው ልዩነት ይጠብባል፤ ስለዚህ ትነቱ የሚበረታው በዚያን ጊዜ አይደለም። ከ2008 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል የአሜሪካው የዉድስ ሆል የውቅያኖስ ጥናት ተቋምና የሳዑዲው የንጉሥ አብደላ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከእርስዎ ከተማ በስተሰሜን፣ ከባሕሩ ዳርቻ ራቅ ብሎ አንድ ተንሳፋፊ የመለኪያ ጣቢያ አቁመው ነበር። ያ ጣቢያ ያሳየው ትልቁ የትነት ማዕበል የሚመጣው በቀዝቃዛው ወቅት፣ ከምድረ በዳው በኩል ደረቅ ነፋስ በተራሮቹ ክፍተት ሾልኮ ወደ ባሕሩ ሲወርድ መሆኑን ነው። ብዙ ሰው ባሕር የሚተነው ሲሞቅ ነው ብሎ ያስባል፤ ለቀይ ባሕር ግን ዋናው ጉዳይ የአየሩ ድርቀትና የነፋሱ ብርታት ነው።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። 800 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ የሚበር መሣሪያ ዓይን የማያየውን ነፋስ እንዴት ሊለካ ይችላል? እርጥበትንስ?

መልስ፦ ነፋሱን የሚለካው የውኃውን ገጽ በማንበብ ነው። በሐዋሳ ወይም በቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቆመው የሚያውቁ ከሆነ፣ ነፋስ ሽው ሲል ውኃው በድንገት ሲሸበሸብና ጠቆር ያለ ጥላ እየሮጠ ሲያልፍ አይተዋል። ያ ጥላ የጥቂት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ጥቃቅን ሞገዶች ስብስብ ነው። ሳተላይቱ ወደ ባሕሩ የራዳር ሞገድ ይልካል፤ የአውሮፓው ሜቶፕ ሳተላይት የተሸከመው አስካት የተባለው ራዳር የሚጠቀምበት ሞገድ ርዝመቱ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ ከእነዚያ ሽብሽቦች ጋር ይመጣጠናል። ነፋሱ በበረታ ቁጥር ውኃው ይበልጥ ይሸበሸባል፤ ወደ ሳተላይቱ የሚመለሰውም ሞገድ ይበረታል። መሣሪያው ያንኑ የባሕር ቁራጭ ከተለያየ አቅጣጫ ስለሚያየው የነፋሱን አቅጣጫም ያገኛል። ሐሳቡ በ1978 በተላከው ሲሳት በተባለው ሳተላይት ላይ ተፈትኖ ነበር፤ ሳተላይቱ በኤሌክትሪክ ብልሽት ከሦስት ወር ጥቂት አልፎ ቢሞትም መንገዱን አሳይቶ ነው የሞተው። በ1999 የተላከው ክዊክስካት ደግሞ አንቴናው መሽከርከሩን እስካቆመበት እስከ 2009 ድረስ የዓለምን ባሕሮች ነፋስ መዘገበ።

የውኃው ሙቀት በሁለት መንገድ ይነበባል። ኢንፍራሬድ የተባለው ጨረር ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል፤ ነገር ግን ደመናን አያልፍም፤ አቧራም ያሳስተዋል፤ የሚያነበውም ከፀጉር ውፍረት የቀጠነውን የውኃውን የላይኛ ቆዳ ብቻ ነው። ማይክሮዌቭ የተባለው ሌላው ጨረር ደመናን ያልፋል፤ ምስሉ ግን ደብዛዛ ነው። የጃፓኑ አምሰር 2 የተባለው መሣሪያ የባሕር ሙቀት በሚያነብበት ሞገድ በአንድ ጊዜ የሚያየው ቦታ 35 በ62 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀይ ባሕር በሰፊው ቦታ እንኳ 355 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነና የብስ ከባሕር ይልቅ በማይክሮዌቭ በኃይል ስለሚያበራ፣ ከዳርቻው በአሥሮች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ያለው ውኃ ሁሉ በየብሱ ብርሃን ተበክሎ ይጣላል። ከባሕሩ የሚተርፈው የመሐሉ መስመር ብቻ ነው። ከተራራው የሚወርደው ደረቅ ነፋስ በኃይል የሚተኛው ግን ልክ በዚያ በተጣለው ዳርቻ ላይ ነው።

አሁን ወደ እርጥበት እንምጣ፤ ከባዱ ነገር ይህ ነውና። ቀመሩ የሚጠይቀው ከባሕሩ ገጽ ጥቂት ሜትሮች ከፍ ብሎ ያለውን የአየር እርጥበትና ሙቀት ነው። ሳተላይቱ ደግሞ በማይክሮዌቭ የሚያየው ከባሕሩ እስከ ሰማይ ጫፍ ያለውን የእንፋሎት ጠቅላላ ድምር ነው፤ ይህንንም በጥሩ ሁኔታ ያየዋል። ነገር ግን የአንድን ሕንፃ ነዋሪዎች ጠቅላላ ቁጥር ያወቀ ሰው በምድር ቤቱ ስንቱ እንደሚኖሩ አወቀ ማለት አይደለም። በ1986 ደብሊው ቲሞቲ ሊዩ የተባሉ ተመራማሪ በወር አማካይ ሲታይ ድምሩና የታችኛው እርጥበት የተያያዙ መሆናቸውን በስታቲስቲክስ አሳዩ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ስሌቶች ብዙዎቹ በዚያ ሐሳብ ላይ የተገነቡና እያሻሻሉት የሄዱ ናቸው። ግንኙነቱ በሰፊው ውቅያኖስ ላይ በአማካይ ይሠራል። ደረቅ የበረሃ አየር ከታች ገብቶ እርጥቡ ከላይ በሚቀመጥበት፣ ወይም በተቃራኒው በሚሆንበት ቀን ግን ይስታል።

የስህተቱን ዋጋ ከላይ ባለው ምሳሌ ማስላት ይችላሉ። ነፋሱ 7 ሜትር በሰከንድ ሆኖ እርጥበቱን በኪሎ ግራም በ1 ግራም ብቻ ብንሳሳት፣ የሙቀቱ መጠን በካሬ ሜትር በ25 ዋት ይዛባል። ነፋሱን በሰከንድ በ1 ሜትር ብንሳሳት ደግሞ መዛባቱ 18 ዋት ይሆናል። ባለሙያዎቹ ሊደርሱበት የሚፈልጉት ትክክለኛነት 10 ዋት ወይም ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ የጉዳዩ ማነቆ በባሕሩና በሰማዩ መካከል ያለችው ያቺ ቀጭን የአየር ንብርብር ናት፤ ሳተላይት ለመሥራት የሚታሰብ ገንዘብና ጥበብ መጀመሪያ ወደ እርስዋ ቢዞር ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው በዋሽንግተን አካባቢ ነው። ይህን ያህል ሳተላይት እያለ ተንሳፋፊ ጣቢያዎችን በየባሕሩ መትከል ለምን ያስፈልጋል? ወደፊትስ ምን ይሻሻላል?

መልስ፦ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ ታሪክ ራሱ መልስ አለው። በ1982 በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት ኤል ቺቾን የተባለው የሜክሲኮ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ከፍተኛውን ከባቢ አየር በብናኝ ሞላው። በዚያው ዓመት በሰላማዊው ውቅያኖስ ላይ ከዘመኑ ሁሉ የበረታ ኤልኒኖ እየተፈጠረ ነበር። ብናኙ የሳተላይቶቹን የኢንፍራሬድ ንባብ ወደ ታች ስለሳበው፣ ባሕሩ እየሞቀ ሳለ ንባቡ ከእውነቱ ቀዝቅዞ ይታይ ነበር። በቦታው ላይ የሚያስተባብል በቂ መሣሪያ ባለመኖሩ፣ ኤልኒኖው ወደ ጫፉ እስኪቃረብ ድረስ የዓለም ሳይንቲስቶች በአግባቡ አላዩትም። ከዚያ ድንጋጤ የተወለደው በምድር ወገብ ዙሪያ 70 ያህል ተንሳፋፊ ጣቢያዎችን የያዘው ታኦ የተባለው መረብ ነው፤ በ1994 ተጠናቀቀ። የኤልኒኖ ወሬ በደረሰ ቁጥር ስለ ክረምቱ ለምንጨነቅ ለእኛ፣ በተለይም በ2015 የደረሰውንና ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችንን ለእርዳታ የዳረገውን ድርቅ ላየን፣ እነዚያ ጣቢያዎች የሩቅ ባዕዳን ንብረት አይደሉም።

ጣቢያ ግን የሚጠግነው መርከብ ይፈልጋል። ከ2012 ጀምሮ ያን መረብ የሚጠብቀው መርከብ ከሥራ ሲወጣ ጣቢያዎቹ አንድ በአንድ ዝም እያሉ ሄደው፣ በ2014 ከሚጠበቀው መረጃ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ብቻ ይደርስ ነበር። በእኛ አቅጣጫ ደግሞ ሌላ ችግር ተከሰተ። በሕንድ ውቅያኖስ ከ2004 ጀምሮ ይተከል የነበረው ራማ የተባለው መረብ ወደ ሶማሊያ ዳርቻ ሲቃረብ የባሕር ላይ ውንብድና አገደው፤ የንግድ መርከቦችም አካባቢውን እየሸሹ በመዞራቸው ይልኩት የነበረው የነፋስና የሙቀት ዘገባ በዚያ ሰፊ የባሕር ክፍል ተቋረጠ። ይህ ቦታ በክረምታችን ወራት ከምድር ወገብ ወዲያ ተነሥቶ፣ የአፍሪካን ዳርቻ ታክኮ ወደ ሕንድ የሚሮጠው ታላቁ የሶማሊያ ነፋስ የሚነፍስበት፣ በባሕርና በአየር መካከል የሚደረገው ልውውጥ ከዓለም ከበረቱት አንዱ የሆነበት ቦታ ነው። የሳተላይት ንባብ በጣም ማረጋገጫ በሚፈልግበት ቦታ ላይ ማረጋገጫው ጠፋ። ይህ ክፍተት በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳይ ተደርጎ መታየቱ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ችግር የሰዓት ነው። ሜቶፕ በአንድ ቦታ ላይ የሚያልፈው በአካባቢው ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ከጠዋቱና ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ አምሰር 2 የሚያልፈው ደግሞ ከቀኑና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ። አንዱ ነፋሱን ያነባል፤ ሌላው ከአራት ሰዓት በኋላ የውኃውን ሙቀትና እንፋሎቱን ያነባል፤ ከዚያ ሁለቱ በአንድ ቀመር ውስጥ ይባዛሉ። ምጽዋን ወይም አሰብን የሚያውቅ ሰው በእነዚያ አራት ሰዓቶች ውስጥ የባሕሩ ነፋስ ምን ያህል እንደሚለወጥ ያውቃል። ነፋስ በሌለበት ቀን የባሕሩ ቆዳ እስከ እኩለ ቀን በጥቂት ዲግሪዎች ሊሞቅም ይችላል። የጠዋቱን ነፋስ ከቀትሩ ሙቀት ጋር ማባዛት የሰኞን ገቢ ከማክሰኞ ወጪ ጋር እንደ ማስታረቅ ነው።

ስለዚህ ከቀረቡት የማሻሻያ ሐሳቦች ውስጥ ሚዛን የሚደፋው ነፋሱን፣ የባሕሩን ሙቀት፣ የታችኛውን አየር ሙቀትና እርጥበት በአንድ ሳተላይት፣ በአንድ ቅጽበት፣ በአንድ ቦታ ላይ የሚያነቡ መሣሪያዎችን ማሰባሰብ ነው። ፍላክስሳት በሚል ስም በ2020 የቀረበው ጥናት ይህንኑ ሐሳብ ያቀረበ ሲሆን፣ ለታችኛው አየር እንዲስማማ የተመረጡ የማይክሮዌቭ ሞገዶችን ለባሕር ሙቀት ከሚያገለግሉት ጋር በአንድ አንቴና ማቀናጀት የሚቻል መሆኑን አሳይቷል። የደብዛዛነቱ ችግር በከፊል የአንቴና ስፋት ጉዳይ ነው። የአምሰር 2 አንቴና ስፋቱ 2 ሜትር ነው፤ አውሮፓውያን በማዘጋጀት ላይ ያሉት ሲመር የተባለው ሳተላይት ከ7 ሜትር በላይ የሆነ ተጣጥፎ የሚሄድና በሕዋ ላይ የሚዘረጋ አንቴና ይዞ፣ ከላይ ያነሣነውን የ35 በ62 ኪሎ ሜትር እይታ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ዝቅ ለማድረግ ታቅዷል። ለቀይ ባሕር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬ የሚጣለው ዳርቻ ብዙው ለንባብ ይበቃልና።

ሌላው ጉዳይ የውኃው ራሱ እንቅስቃሴ ነው። ነፋስ ባሕሩን የሚገፋውና እንፋሎቱን የሚወስደው ከውኃው አንጻር ባለው ፍጥነት ነው። የሶማሊያ የባሕር ጅረት በክረምታችን ወራት በሰከንድ ከ2 ሜትር በላይ ይሮጣል፤ ነፋሱና ጅረቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ልውውጡ ይቀንሳል፤ ሲጋጩ ይጨምራል። እስካሁን የላይኛውን ጅረትና ነፋሱን አብሮ ያነበበ ሳተላይት የለም። ይህን ለማድረግ የታሰበው ኦዲሲ የተባለው ሐሳብ በ2024 ናሳ ለዝርዝር ጥናት ከመረጣቸው አራት ሐሳቦች አንዱ ነበር። በአውሮፓ በኩል በ2022 የተመረጠው ሃርመኒ የተባለው ጥንድ ሳተላይት ሴንቲነል 1 ከተባለው የራዳር ሳተላይት ጋር አብሮ እየበረረ የባሕሩን ገጽ ከተለያየ ማዕዘን ያያል።

እነዚህ ሁሉ በሰላም ወደ ሕዋ ቢደርሱ እንኳ ጣቢያዎቹን አይተኩም። የማስተላለፊያው ቁጥር ራሱ የተገኘው በ1992 እና በ1993 በምዕራብ ሰላማዊ ውቅያኖስ በመርከቦችና በተንሳፋፊ ጣቢያዎች ላይ በተደረገው ኮር የተባለ ታላቅ የመስክ ዘመቻና ከዚያ ወዲህ በተከተሉት ልኬቶች ነው። ሳተላይት ሰፊውን ያያል፤ ጣቢያ እውነቱን ይነካል። ምርጫ ካስፈለገ፣ ከአንድ ተጨማሪ ሳተላይት በፊት በምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ደቡብ ጥቂት በደንብ የሚጠበቁ ጣቢያዎች እንዲቆሙ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። በ2019 አገራችን ያስወነጨፈችው ኢቲአርኤስኤስ 1 ሳተላይት ለዚህ ሥራ ይጠቅም ነበርን?

መልስ፦ አይጠቅምም ነበር። በታኅሣሥ 2019 ከቻይና የተወነጨፈው ያ ሳተላይት ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ የተሸከመው የምድርን ገጽ በተለያየ ቀለም ብርሃን የሚያነሣ ካሜራ ነበር። ለሰብል፣ ለደንና ለውኃ አካላት ጥናት የሚመች መሣሪያ ነበር፤ ነፋስንና እንፋሎትን የሚያነብ ራዳርም ሆነ የማይክሮዌቭ መሣሪያ አልነበረውም። ይህ ግን አገራችን ከጉዳዩ ውጭ ናት ማለት አይደለም። የሌሎቹ ሳተላይቶች ንባብ በአብዛኛው ያለ ክፍያ ስለሚገኝ፣ የሚያስፈልገው የሚያነብና የሚጠይቅ ባለሙያ ነው። ጉዳዩም ይመለከተናል፤ በክረምት በደጋው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ምንጭ የተከታተሉ ጥናቶች ከሕንድ ውቅያኖስና ከምዕራብ አፍሪካ በተጨማሪ ከሰሜን፣ በቀይ ባሕር በኩል የሚመጣውን እርጥበት ድርሻ ከፍ አድርገው አሳይተዋል። በኤርትራ የምሥራቅ ቁልቁለት ላይ ያለው የሰሜናዊ ባሕሪ ደን ሌላው አገር በደረቀበት በጥርና በየካቲት ዝናብ የሚያገኘውም ከቀይ ባሕር በተነነው ውኃ ነው።

ጥያቄ፦ በደሴ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሳተላይት የለንም፤ ቤተ ሙከራችንም ባዶ ነው። ይህን ቀመር ለተማሪዎቼ በተግባር የማሳይበት መንገድ ይኖራልን?

መልስ፦ አለ፤ ጥያቄዎም እጅግ አስደስቶናል። ሁለት ተመሳሳይ ዝርግ ሳህኖች ወይም ትሪዎች ያዘጋጁ፤ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ይመረጣል። በሁለቱም እኩል ውኃ ይሙሉና በሱቅ ሚዛን ይመዝኗቸው። አንዱን ነፋስ በሚያገኘው ጥላ፣ ሌላውን ነፋስ በማይደርስበት ጥላ ያስቀምጡ። ሁለቱም ፀሐይ እንዳይነካቸው ይጠንቀቁ፤ አለበለዚያ የነፋሱን ሥራ ከፀሐዩ ሥራ መለየት ያስቸግራል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት አቆይተው ዳግመኛ ይመዝኑ። በዚህ ስፋት ባለው ትሪ 120 ግራም መቀነስ ማለት 1 ሚሊ ሜትር ውኃ ተነነ ማለት ስለሆነ፣ ተማሪዎቹ በማስመሪያ የማይታየውን ልዩነት በሚዛን ያገኙታል።

እርጥበቱን ለማወቅ ሁለት ተራ ቴርሞሜትሮች ይበቃሉ። የአንዱን ጫፍ በረጠበ ነጭ ጨርቅ ይጠቅልሉና ሁለቱንም በካርቶን ለጥቂት ደቂቃ ያራግቡ። የረጠበው ልክ እንደ እንስራው ስለሚቀዘቅዝ ዝቅ ብሎ ያነባል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሰፋ ቁጥር አየሩ ደረቅ ነው። ሙከራውን አንድ ጊዜ በጥር፣ አንድ ጊዜ በሐምሌ ያድርጉትና የሁለቱን ወራት የትሪ ክብደትና የቴርሞሜትር ንባብ በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ያስመዝግቡ። ውጤቱን ከላኩልን በዚህ ዓምድ እናወጣዋለን።